ጠጂቱ ብዬ የሰየምኳት ዐለት

ኅዳር 12 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ አሰላ
ቀኑን ሙሉ ፈተና ሳርም ዋልኩ። እጄ ዛለ። ሲመሽ አሜሪካዊው የፒስኮር መምህር ለትምህርት ቤቱ ትቶት የሄደውን ቴሌስኮፕ ደጅ አወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ባለፈው ሳምንት ያየኋት ነጥብ ቦታ ቀይራለች! ኮከብ እንዲህ አይሄድም። በማርስና በጁፒተር መሀል ከሚዞሩት ትንንሽ ዐለቶች አንዷ መሆን አለባት። ካርታዬ ላይ የለችም። ታዲያ... ያገኘኋት እኔ ነኝ? እኔ?

ኅዳር 20
ኢተያ፣ እጮኛዬ ቤት። አላስቻለኝም፣ ነገርኳቸው።
"ስሟ ማን ነው?" አለች ጠጂቱ።
"ጠጂቱ።"
አፌ ላይ የመጣልኝ ይኸው ነው። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቷ ኦቦ ነገሳ ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ።

ታኅሣሥ 5
አዲስ አበባ። ዩኒቨርሲቲ ሄጄ አንድ ፕሮፌሰር አነጋገርኩ። ቦታዋን የነደፍኩበትን ወረቀት አየና መጽሐፍ አገላበጠ። "ይቺማ ከታወቀች መቶ ዓመት አልፏታል። ስምም አላት።" ፈገግ አለ። በክፋት አልነበረም... እኔ ግን መግቢያ አጣሁ።

ታኅሣሥ 6
ስመለስ ኢተያ ወረድኩ። ልነግራቸው ነበር። ለካ ኦቦ ነገሳ እሁድ ለት ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ፊት ቆመው ስለ ልጃቸው ስም ጌታን አመስግነዋል። ሰው ሁሉ አሜን ብሏል።
"አዲስ አበባ ምን አሉህ?" አሉኝ ኦቦ ነገሳ።
"እየመዘገቧት ነው።"
ምን ነካኝ?

ታኅሣሥ 17
ጠጂቱ ከአክስቷ ጋር አሰላ መጣች። "አሳየኝ" አለች። ዐለቷ ከደበዘዘች ሰነበተች፣ ፈልጌም አላገኘኋት። ቴሌስኮፑን አንዲት ተራ ኮከብ ላይ አነጣጠርኩ። ጠጂቱ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እንዲህ ትንሽ ሆና... ብቻዋን አትፈራም?" እጄን ያዘችኝ። ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ታኅሣሥ 18
ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሄጄ ነገርኳት። ሁሉንም... የትናንቱንም።
"የትናንቷ ምን ነበረች?"
"እንጃ። ኮከብ።"
እጇን ሳብ አደረገች። "ለአባቴ አንተው ንገራቸው።" ተሳፈረች።

ታኅሣሥ 24
ኢተያ። ኦቦ ነገሳ አውድማ ላይ ስንዴ ያስወቁ ነበር። መንሹን ተደግፈው ሰሙኝ።
"መሳሳትስ ያለ ነው። ካወቅህ በኋላ ነው የዋሸኸኝ?"
"አዎ፣ ኦቦ።"
"እግዚአብሔር ፊት በውሸት አቆምከኝ እኮ።"
ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ምነው በመቱኝ... "ነገ አንተ ትቆማለህ" አሉ።

ታኅሣሥ 25
ጉባኤው ፊት ቆምኩ።  "ያቺን ዐለት ያገኘኋት እኔ አይደለሁም። ይህን እያወቅሁ ዋሸሁ፣ ኦቦ ነገሳንም አሳፈርኳቸው።" የሳቀ የለም። ሳቅ ይሻለኝ ነበር። ኦቦ ነገሳ ከወንበራቸው ተነስተው መጡና አጠገቤ ቆሙ።  ጠጂቱ ከሴቶቹ መሀል አንገቷን ደፍታለች።

ጥር 16
ሽማግሌዎቹ ሰርጉ ለሚያዝያ ይሁን አሉ። ጠጂቱ "ይቆይ" አለች። ዲክሲስ ከተማ ሥራ አግኝታ ዛሬ ሄደች። ስትሳፈር ደረስኩባት።
"ትተሽኝ ነው?"
"አላውቅም። ብቻ እንደምን አደርሽ ስትለኝ እንኳ እውነቱን ነው ወይ እላለሁ።"
 ቀድሞ የነገሯትን ሁሉ ታምን ነበር። መጠራጠርን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።