ቆቃን ስታልፍ የምትሞቀው ሞተር

ሰኞ

መጡ። ሽማግሌዎቼ አይደሉም፤ እሳቸው ራሳቸው። የቦንቱ አባት ኦቦ ቶሎሳ ያችን ጥቁር ሞተር ሳይክል እየገፉ ጋራዤ በር ላይ ቆሙ። እኔ ባጃጅ ሥር ተኝቼ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ጫማቸውን ነው፤ ቀና ስል ቦንቱ ስልክ ላይ በፎቶ የማውቀው ፊት። ግንባሬን ከብረቱ ጋር አላተምኩት።

"አካም ቡልቴ?" አሉኝ፤ እንዴት አደርክ ነው።

"ነጋ፤ አካም ቡልተን?" አልኩ። አዳማ ተወልጄ ያደግሁበት ኦሮምኛ ከዚያ ወዲያ ጠፋኝ።

ነገሩን ልጻፈውና ልረጋጋ። ባለፈው እሑድ አጎቴ በቀለ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቦንቱን ለእኔ ሊጠይቅ እሳቸው ቤት ሄዶ ነበር። ቆመው ተናግረው፣ ቆመው ተመለሱ። አጎቴ የድሮ ሰው ነው፤ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። ኦቦ ቶሎሳ "ቤተሰብ እንማከርበት፣ በሳምንቱ ኑ" አሏቸው። እስከዚያ ልጁ አባትየው ዓይን አይገባም፤ ደንቡ ነው። እንዳላገኛቸው ብዬ ገበያ እንኳ በሌላ በኩል እየዞርኩ ነው የምሄደው። እሳቸው ግን መጡልኝ።

ማንነቴን ያውቃሉ? ሽማግሌዎቹ "መካኒክ ነው" ብለዋል። አዳማ ውስጥ ደግሞ መካኒክ ሞልቷል። ስሜን አልጠየቁኝም። "አንተ ልጅ" ብቻ።

ሞተሯ የድሮ የጃፓን ሥራ ናት፣ አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ያላት። ሞተር ሳይክል ላይ ቱርቦ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሻሸመኔ፣ ጃማይካ ሰፈር ከሚኖሩ አንድ አዛውንት ነው የገዟት። ከተማ ውስጥ ደህና ናት አሉኝ። ረጅም መንገድ ስትወጣ፣ ቆቃን እንዳለፈች የሙቀት መርፌዋ ቀዩ ውስጥ ይገባል። ሻሸመኔ ያሉትን እህታቸውን በዚህች ሞተር ሄደው ሊጠይቁ ይመኛሉ፤ አንድም ቀን አልደረሱም። "አውቶቡስ አለኮ" አላልኳቸውም። አላበድኩም።

ማክሰኞ

ከቀላሉ ጀመርኩ። ውሃዋን አወረድኩ። የወጣው ሻይ የመሰለ ዝገት ነው። ኩላንት የሚባል ነገር አልነካትም፤ የቧንቧ ውሃ ብቻ። የኛ አገር ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የለም፤ የራዲያተሩም አፍ ያንኑ ለብሷል። ውሃው እስኪጠራ ደጋግሜ አጠብኩ። ኩላንት ከባትሪ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ሞላሁ፤ አየሩንም አስወጣሁ።

ደስ አለኝ። ቆሻሻ ውሃ ነው፣ አለቀ ደቀቀ አልኩ። ከሰዓት በኋላ በከተማው ዞርኩባት፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ግን ከተማ ውስጥ ድሮም አትሞቅም ነበር። ራሴን ነው ያታለልኩት።

ቦንቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከስፌት ሥራዋ ለምሳ ስትወጣ ደወለች። ነገርኳት። ሳቀች።

"አባዬን ብቻ እንዳትከራከረው" አለችኝ ሳቋን ስትጨርስ። "ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ስለ ሞተር የሚያርመውን ሰው አይወድም። የሚልህን ሁሉ 'ልክ ነዎት' በለው።"

ቀላል ነው አልኳት።

ረቡዕ

ፋኑ ይሠራል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይይዛል። የውሃ ፓምፑ አያፈስም። ዘይቱ ውስጥ ውሃ የለም፣ ውሃው ውስጥም ዘይት የለም። ክዳኑን ከፍቼ አስነስቼ ቆየሁ፤ አንድም አረፋ አልወጣም።

ይህን ሁሉ ያየሁት ግማሹን ከድርን ዝም ለማሰኘት ነው። ከድር ጎረቤቴ ነው፣ ጎሚስታ። "ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቴስታታውን አውርድ" ይለኛል ከትናንት ጀምሮ፤ የሞተሩን ራስ ክፈትና ሥሩ ያለውን ማሸጊያ ቀይር ማለቱ ነው። ለከድር የሞተር በሽታ ሁሉ ጓርኒሲዮን ነው፤ ራሱን ቢያመው ጓርኒሲዮን ይቀይራል። ምስጢሬንም ያውቃል፤ በየመሀሉ "አማትህ መጡ!" እያለ ያስደነግጠኛል።

ወደ ማታ እንደዚያ ሲለኝ "ሂድ ወዲያ!" ብዬ ጨርቅ ወረወርኩበት። እውነትም መጥተው ኖሯል። ጨርቁ እግራቸው ሥር ወደቀ።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው እጄን ሲያዩ ቆዩ። ስለ ሞተሯ አንድ ነገር አልጠየቁኝም።

"እናትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ትጠይቃታለህ?"

"አብረን ነው የምንኖረው።"

"ጋሪዳ" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ተነሥተው ሄዱ። ይሄ የደንበኛ ጥያቄ ነው? ከድርን ብጠይቀው "ጓርኒሲዮን ነው" አለኝ።

ሐሙስ

በሞጆ መንገድ ይዣት ወጣሁ። ወደ ደረቅ ወደቡ የሚሄዱት የኮንቴይነር መኪኖች ዳገቱ ላይ ተሰልፈዋል። ነዳጅ ሰጠኋት። ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ቱርቦዋ ነቃና ከኋላዬ ሰው የገፈተረኝ ያህል ተስፈነጠረች። መኪኖቹን ተራ በተራ አለፍኳቸው። ማንም አያነበውምና ልናገር፤ እንደ ሕፃን ጮኬያለሁ። ኦቦ ቶሎሳ ለምን እንደማይሸጧት ገባኝ።

ብዙም አልሄድኩ፣ መርፌው መውጣት ጀመረ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ወዲያው አላጠፋኋትም፤ ቱርቦ የሠራ ሞተር ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ማረፍ አለበት። ራዲያተሩን በእጄ ጀርባ ነካ አደረግሁት። ለብ ብሏል፣ በቃ። ሞተሩ እሳት፣ ራዲያተሩ ለብታ! የፈላው ውሃ እዚያ በደንብ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ተዘግቶ ቀርቷል አልኩ፤ መዝሙር እየዘመርኩ ተመለስኩ።

የቴርሞስታቱን ቤት ፈታሁት። ባዶ።

አልተሰበረም፣ አልወደቀም፤ አውጥተውታል። ክዳኑ ሥር ከካርቶን የተቆረጠ ማሸጊያ አለ፤ ጠርዙ የጠራ፣ የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች ልክክ ያሉ። ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው እጅ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

አገሩ ሙቀት ነው፣ ቴርሞስታት ውሃውን ያግዳል ብለው የሚያወጡት ብዙ ናቸው። እዚህች ሞተር ላይ ግን ውሃው ሁለት መንገድ አለው። ረጅሙ በራዲያተሩ ዞሮ ቀዝቅዞ ይመጣል፤ አጭሩ እዚያው ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ረጅሙን ይከፍትና በእግሩ አጭሩን ይደፍናል። እሱ ከሌለ ብዙው ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም፤ ቱርቦዋ ስትገፋ ግን ጉዱ ይወጣል።

መለዋወጫ ሱቆቹን ዞሬ ከአንድ አሮጌ የቤት መኪና የወጣ ቴርሞስታት አገኘሁ፤ ስፋቱም እግሩም ልኳ ነው። ዝም ብዬ ብገጥመውስ? "ውሃው ቆሽሾ ነው" ብል ማን ያውቃል? ቦንቱም ትደሰታለች፣ እሑድም በሰላም ያልፋል። ግን ሌላ ቀን ከፍተው አግኝተው መልሰው ቢያወጡትስ? አንድ ቀን ከቆቃ ማዶ፣ ከኋላቸው ከባድ መኪና እየመጣ፣ ሞተሯ በሙቀት ተጣብቃ ጎማው ቀጥ ቢል? ፈራሁ። ቦንቱን እንዳላጣት እፈራለሁ፣ ይሄንንም እፈራለሁ።

ደወልኩላቸውና "ነገ ብቅ ይበሉ" አልኳቸው።

ዓርብ

ክዳኑ ተፈቶ ሲያዩ ፈገግ አሉ።

"ቴርሞስታቷን እኔ ነኝ ያወጣኋት" አሉኝ። "ለብርድ አገር የተሠራች ናት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ምን ታደርጋለች? ከነዳኋቸው መኪኖች ሁሉ አውጥቻለሁ፤ አንድ ቀን አልፈላብኝም።"

"ልክ ነዎት" ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ዋጥኳት።

"ኦቦ ቶሎሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለዚህች ሞተር ልክ አይደሉም።"

ከድር ጎማ መቀጥቀጡን አቆመ።

ምሳዬን የማሞቅበትን ቡታ ጋዝ ለኮስኩ። ቴርሞስታቱን ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ጨመርኩት። አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ውሃው ሲሞቅ ቫልቩ ቀስ እያለ ተከፈተ፤ እግሩም ወደ ታች ወረደ። በፒንሳ አውጥቼ ቤቱ ውስጥ አስቀመጥኩትና እግሩ የትኛውን ቀዳዳ እንደሚደፍን አሳየኋቸው። ሁለቱንም ቀዳዳዎች በጣታቸው ለኩ። መነጽራቸውን አውጥተው እንደገና አዩ።

"አቋራጭ ካለ ሹፌር ሁሉ በአቋራጭ ነው የሚሄደው" አሉ ለራሳቸው። ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን ደፉና ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

ማታ ቦንቱ ደወለች። "ምን አልከው? እራት ሳይበላ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል።" የሆነውን ነገርኳት። "አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩህ" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ቴርሞስታቱን ገጠምኩ። ማሸጊያውን አዲስ ልቆርጥ ነበር፤ የእሳቸው ካርቶን ከእኔ ይበልጣል፣ እሱን ቅርጽ አድርጌ ቆረጥኩ። ሞላሁ፣ አየር አስወጣሁ፣ አሞቅሁ። ራዲያተሩ ነደደ። በራዲያተር መሞቅ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሳቸው መጡ። ራዲያተሩን ነኩት፤ እጃቸውን ቶሎ ሳቡ። ሞተሯን አስነሡ።

"ነገ እናያለን" አሉና ሄዱ።

ምኑን ነው ነገ የምናየው?

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ብሄድም አልሰማም ነበር። ጋራዡን ከፍቼ የተጠረገ ወለል ስጠርግ አጎቴ ደወለ።

"ሰውየው የሉም!" አለኝ በሹክሹክታ። "ጠዋት በማለዳ ሞተራቸውን ይዘው ወጥተዋል አለችን ሚስታቸው። በር ላይ ቆመናል። ምን አድርገህ ነው?"

ምን እንዳደረግሁ ከየት ጀምሬ ልንገረው። "ትንሽ ጠብቁ" አልኩት። ለሽማግሌ እምቢ ማለት አለ፤ ቤት ጥሎ መሄድ ግን ከእምቢም ይብሳል። ደግሞ መንገዱ ታየኝ፦ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ ያ ሁሉ የጭነት መኪና። ብትሞቅባቸውስ? ጥሩ አድርጌ አጥብቄያለሁ? የመጨረሻውን ቡሎንስ?

ስልኩ እንደገና ጮኸ። እሳቸው ናቸው። ከበስተኋላ ሞተሯ በዝግታ ስትሠራ ይሰማኛል።

"መቂ ነኝ፤ ቆቃን አልፌያለሁ" አሉ። "መርፌዋ መሀል ላይ ናት።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ሲነዱ ቱርቦዋ ገፍታ ነበር?"

"ገፍታለች። ሁሉንም አልፌያቸዋለሁ።" ድምፃቸው የጎረምሳ ነው። "ቆይ፣ ትረፍና ላጥፋት።" ሁለታችንም ሞተሯን አዳመጥን። ከዚያ ጠፋች።

"ሽማግሌዎችህ አሁንም ቆመዋል?"

"ቆመዋል" አልኩ እንደምንም።

"ንገራቸው፣ ይቀመጡ። ምሳ ሳይበሉ እንዳይሄዱ። መጣሁ።"

ለአጎቴ ደወልኩ። ቃላቸውን እንዳለ ነገርኩት። ስልኩን ሳይዘጋ ከሌሎቹ ጋር ሲንሾካሾክ፣ የቦንቱ እናት "ግቡ፣ ግቡ" ሲሉ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

"ተቀምጠናል" አለኝ አጎቴ።

ይሄን የምጽፈው ቆሜ ነው።