ስለ አንዳርጋቸው ልብሶችና ስለ ሁለቱ የስፌት መኪናዎች

እኔ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አምሐ፣ የሰባ ስድስት ዓመት ሴት፣ ዛሬ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ በሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ ይህን እናዘዛለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። አእምሮዬ ግን ደኅና ነው፤ ያቃተኝ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ብቻ ነው። ቃሌን የሚጽፉልኝ ጎረቤቴ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ናቸው። ያስገደደኝ የለም።

ያለኝን የምተውላቸው ሁለት ናቸው፤ ልጄ ሔራንና የሟች ልጄ የአንዳርጋቸው ሚስት ኪዲ። ሁለቱም እዚሁ አሉ።

አንደኛ፤ በእግር የምትረገጠውን የስፌት መኪናዬን ለኪዲ ሰጥቻለሁ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚች መኪና ልብስ እየጠገንሁ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ጉልበቱ የሳሳ ሱሪ ያመጡልኝ ነበር፤ የደሴት ገዳማት ካህናት ጫፉ የተበላ ካባ በጀልባ ይልኩልኝ ነበር። አዲስ ልብስ ስፊ ሲሉኝ ብዙም ደስ አይለኝም። ያረጀውን ጠግኜ ባለቤቱ እያገላበጠ «የቱ ጋ ነበር የተቀደደው?» ሲለኝ ግን የዚያን ቀን ምሳዬ ይጣፍጠኛል። ኪዲ ይህን ሥራ ከእኔ ተምራለች፤ አሁን ስፌቷን ከስፌቴ የሚለይ የለም።

ሁለተኛ፤ ስለ ቤቴ ባለፈው እሑድ ያጻፍሁት ቃል ይህ ነበር፦ «ልጄን ሔራንን የወንድሟን ልብስ ስለ ጣለች ከውርስ ነቅያታለሁ፤ ቤቱ ለኪዲ ይሁን።» ምክንያቱን ምስክሮች ይስሙት።

አንዳርጋቸው በቆጋ መስኖ ውኃ አከፋፋይ ነበር። በ፳፻፲፫ ታሞ ሞተብኝ። አርባው በወጣ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ቁም ሣጥኑ ባዶ ነው። ሔራን ልብሱን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ከትታ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሰጥታዋለች። ኪዲ ጋሪያቸውን በሩጫ ተከትላ አንድ ጃኬት ብቻ አስጣለች፤ እሱም ሲጓተቱበት እጅጌው ተገንጥሎ። ሁለታችን ሦስት ቀን ተቀምጠን፣ ገበሩን ፈትተን፣ እጅጌውን መለስንለት። የምንሰፋው እያለቀስን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሔራን ጋር ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። በወሩ አዲስ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ገዝታ ብታመጣልኝ፣ ያረጀ ሁሉ ይጣል የምትለኝ መስሎኝ ከነካርቶኑ አልጋዬ ሥር ገፋሁት። አራት ዓመት ሊሆነው ነው።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ ሔራን ተነሣች። ያለችው እንዳለ ይጻፍ ብያለሁ።

«እማዬ፣ ቤቱ ይቅርብኝ። ግን ወንድሜን ጠልቼ አይደለም። አንቺ ጧት ጧት ልብሱን ታቅፈሽ እዚያው ቁጭ ብለሽ ትውይ ነበር፤ እህልም ተውሽ። አንቺንም ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ስታለቅሺ ሳይ ጥፋቴ ገባኝ። በማግሥቱ ከሥራ ቀርቼ ቆሻሻ መድፊያው ድረስ ሄድሁ። ከረጢት ስፈታ ዋልሁ፤ አንድም አላገኘሁ። ባዶ እጄን መጥቼ ምን ልበልሽ? ይቅርታ ማለት ቢያቅተኝ ነው መኪናውን የገዛሁልሽ።»

ኪዲ «ለእኔ ብትነግሪኝ አብሬሽ እሄድ አልነበር?» አለቻት። በነጠላዋ ጫፍ የሔራንን ፊት ጠረገችላት።

እኔ የስንቱን ሰው ልብስ የት ጋ እንደ ተቀደደ ጠይቄ ጠግኛለሁ፤ ልጄን ግን አንድ ቀን አስቀምጬ አልጠየቅኋትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ እሱም ይጻፍ።

ስለዚህ ሔራንን የነቀልሁበት ቃል ተሰርዟል፤ ስርዙ በፈቃዴ መሆኑን ምስክሮች ከጎኑ ይፈርሙበት። ቤቱ ለሔራንና ለኪዲ እኩል ነው። ጃኬቱ የኪዲ ነው፤ ክረምት ክረምት ትልበሰው፤ ሰው ምን ይላል አትበል። አዲሱ መኪና ዛሬውኑ ከአልጋ ሥር ወጥቶ ለሔራን ይሰጥ። ቅዳሜ ከሰዓት ከባንክ ሥራዋ ስትወጣ ኪዲ መጠገን ታስተምራት። ኪዲ ልጄ፣ ስፌቷ ቢጣመም አትሳቂባት፤ ያንቺም መጀመሪያ ጠማማ ነበር።

ሦስተኛ፤ ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው አሥራ አንድ ልብሶች ተጠግነው መደርደሪያው ላይ አሉ። የደልጊው ሰውዬ ኮትም እዚያ ነው። ሁለት ዓመት ቢቆይም ይመጣልና ለማንም እንዳትሰጡበት።

አራተኛ፤ ስሞት አዲስ ነጠላ አይገዛልኝ። ሁለት ቦታ የጠቀምሁት ነጠላዬ ይበቃኛል፤ ጥበቡ አሁንም አልደበዘዘም።

ይህ ቃሌ በምስክሮች ፊት ተነብቦልኝ፣ የተናገርሁት መሆኑን ሰምቼ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ወ/ሮ ወለተ ሥላሴ አምሐ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ቄስ ፍሬ ስብሐት ደሞዝ (ፊርማ)፣ አቶ ኃይለ ገብርኤል ሀዲስ (ፊርማ)፣ ወ/ሮ አገርነሽ ቃለ ሕይወት (ፊርማ)፣ አቶ ኪሩቤል ደሞዝ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን (ፊርማ)። ሔራንና ኪዲ ወራሾች ስለሆኑ በምስክርነት አልፈረሙም። ተናዛዧ ለመፈረም ቀና ማለት ቢያቅታቸው ግን አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ሆነው ደግፈዋቸዋል።