ላድኪ ዱማዳና የልጃቸው የሠርግ ግድግዳ

እህታችን ላድኪ ዱማዳ ከአባታቸው ከናቭሱ ዱማዳና ከእናታቸው ከካሱ፣ ከሙምባይ በስተ ሰሜን ዳሃኑ አጠገብ በምትገኘው በአምባፓዳ መንደር፣ ጎርፍ የሩዝ ማሳውን ጠርጎ በወሰደበት ክረምት ተወለዱ። ዘመኑን እ.ኤ.አ. 1956 ብለን እንገምታለን። የመታወቂያ ጸሐፊው ጃንዋሪ አንድ ብሎ መዘገባቸው፤ በመንደራችን ግማሹ ሰው የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ነው።

ፊደል አልቆጠሩም። ትምህርት ቤት የገቡት አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ግድግዳውን እንዲሥሉ ተጠርተው ነው። የቀርከሃ ጫፍ አኝኮ ብሩሽ ማድረግን፣ የሩዝ ዱቄት በጥብጦ በቀይ አፈር በተለቀለቀ ግድግዳ ላይ መሣልን ከአክስታቸው ተማሩ። በ1973 ከአቶ ላክማ ጋር ተጋብተው ወንድ ልጃቸውን ዴቭጂንና ሴት ልጃቸውን ሱንጊን ወለዱ።

ሠርግ ያለበት ቤት ሁሉ ይጠራቸው ነበር። በግድግዳው ላይ፣ በሚሣለው አራት ማዕዘን መካከል፣ የጋብቻ አምላካችን እናት ፓላጋት ካልተሣለች ጋብቻ የለም። እሷን የሚሥሉት ደግሞ ባሎቻቸው በሕይወት ያሉ ሴቶች ብቻ ናቸው። ባል የሞተባት ሴት እጇን ካሳረፈችበት ትዳሩ ዕድሜ አይኖረውም እንላለን። እህታችን ከሱንጊ ሠርግ በፊት ከስልሳ በላይ ቤቶች ሥለዋል፤ ከእነዚያ ውስጥ አንድም ትዳር ፈረሰ ሲባል አልሰማንም።

በሜይ 2002 የሱንጊ ሠርግ ደረሰ። አቶ ላክማ ከወንዝ አሸዋ በማውጣት ሥራ ላይ ነበሩ፤ ለዋዜማው እደርሳለሁ ብለው መልእክት ልከውልን ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ራግያ በፊታችሁ የማነበውን ከማንም ጋር አልተማከርኩበትም፤ ከልጃቸው ከዴቭጂ ጋርም ቢሆን። በዋዜማው ጠዋት የአቶ ላክማ የሥራ ባልደረባ መጥቶ የውሃ ጉድጓዱ ዘንድ አገኘኝ።

«ላክማ ሰጥሟል፤ አስከሬኑ ሆስፒታል ነው» አለኝ።

እህቴ ከሴቶቹ ጋር ግድግዳው ፊት ተቀምጠው ይሥሉ ነበር፤ ፓላጋትን ገና አልጀመሯትም። ብናገር ሠርጉ ይቀራል፤ ልጅቷም ገደቢስ ትባላለች። ሰውየውን «ዋጥ አድርገው፤ ነገ ከሰዓት ተመለስ» ብዬ ሸኘሁት።

ስገባ እህቴ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ያ ሰውዬ የት ቀረ? የልጁን ሠርግ ረሳው እንዴ?» አሉኝ።

«ፈቃድ ከለከሉት» አልኩ።

«እንግዲያ አሸዋውን ያግባ በለው!» ብለው ሳቁ፤ ሴቶቹም ሳቁ። ከዚያ ፓላጋትን ሣሏት። እንደዚያ ያማረች ፓላጋት አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሙሽራዋ ከተሸኘች በኋላ «ዛሬ ጠዋት ሞተ» ብዬ ነገርኳቸው። የሞተበት ቀን የተጻፈበትን የሆስፒታል ወረቀት እኔ ደበቅኩት።

ሱንጊ በተዳረች በአሥራ አንደኛው ወር በምጥ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም።

ከዚያ ወዲህ እህታችን በወረቀት፣ በጨርቅና በቦርሳ ላይ እየሣሉ ኖሩ። አንድ የሙምባይ ሆቴል የሠርግ ሥዕል አዝዟቸው እህታችን መካከሉን፣ የፓላጋትን ቦታ፣ ባዶ ተዉት።

ሥራ አስኪያጁ «ማዘር፣ መሀሉን ረሱት» አላቸው።

«አልረሳሁም። ባሌ ሞቷል፤ እሷን እኔ አልነካም» አሉት።

ባዶው ተወደደ። ዛሬ በሲኒና በትራስ ልብስ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ይሸጣል፤ አዲስ ስልት ነው ይባላል። እህታችን ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ሥራ ሲፈቱ ደግሞ ያንን የሱንጊን ግድግዳ በቃላቸው ይቆጥሩ ነበር። «ፀሐይ አለች፣ ጨረቃ አለች፣ ማበጠሪያው አለ፣ መሰላሉ አለ… ራግያ፣ ምን ጎደለ? ምን ብረሳ ነው ልጄን የገደልኳት?» ይሉኝ ነበር።

«ምንም አልረሱም፣ እትዬ።»

«ሂድ ወዲያ! አንተ ለማጽናናት ነው።»

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር።

ዘንድሮ ጉበታቸውን ታመው አራት ወር ተኙ። በመጨረሻው ሳምንትም ጠየቁኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝና ውሃ አጠጥቻቸው ወጣሁ። ፈሪ ነኝ። ኦክቶበር 9 ቀን 2021 በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ላድኪ ዱማዳ አንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆችና ታናሽ ወንድማቸውን ራግያን ትተው ሄደዋል። ቀድመው ያለፉት አባቶቻችን ነፍሳቸውን በደህና ይቀበሉልን። ሱንጊ ቀድማ እዚያ ናትና፣ ከግድግዳው ላይ ምንም እንዳልረሱ፣ ያጠፋው አጎቷ እንደሆነ ለእናቷ ትንገርልኝ።