የባለአራት በሩ ቤት መዋጮ

ማክሰኞ፣ ጥር 14
የጠዋት ሽያጭ፦ ሁለት ጓጉንቸር ቁልፍ፣ አንድ ጋሎን ነጭ ቀለም፣ ጥቂት አምፖል። አንድ ሰው ዱቤ ጠይቆ ባዶ እጁን ተመልሷል።

ለቤቴ ምሰሶ፣ ለሩቁ ባለቤቴ፦

ወገብህ እንዴት ሆነ? መሪ ላይ ብዙ አትቀመጥ ብዬህ ነበር፤ እኔ ግን የምናገረው ለግድግዳ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ “አባዬ ሳያየኝ እንዳይበቅል” እያለች አፏን በእጇ ከልላ ትዞራለች።

እንግዛው ስላልከው ባለአራት በር የኪራይ ቤት ልጻፍልህ። “ሳንወስን አንቺ እይው” ስላልከኝ ቅዳሜ ከደላላው ጋር ሄጄ አየሁት። አራቱም በሮች ተከራይ አላቸው፤ ዋጋውም ክፉ አይደለም። ያልወደድኩት የግቢው ማኅበር ከባለቤቱ በየወሩ የሚሰበስበውን የጥገና መዋጮ ነው። ከኪራዩ ሢሶውን ይበላል።

“እትዬ፣ መዋጮው እኮ ለራስሽ ነው!” አለኝ ደላላው። “ጣሪያው ቢያፈስ አትጨነቂ፣ ፓምፑ ቢቆም አትጨነቂ!”

“ሻጩ ይህን ያህል ከጭንቀት ካረፈ ታዲያ ለምን ይሸጣል?”

ሳቀና ወደሚቀጥለው በር መራኝ።

አምፖልና ቧንቧ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምን በስንት እንደሚጠገን አላጣውም። ስለዚህ ዛሬ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ያለ ደላላ ሄድኩ። የደረጃው መብራት ተቃጥሏል። ፓምፑ ይጮኻል፣ ውኃው ግን ላይኛው ፎቅ አይደርስም፤ አንዲት ተከራይ በጀሪካን ተሸክማ ስትወጣ አገኘኋት። “መዋጮውን ማን ይበላዋል?” ብዬ የማኅበሩን ገንዘብ ያዥ ፍለጋ ገባሁ። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው።

“ጣሪያው ሊቀየር ነው ልጄ” አሉኝ። “ፓምፑ ከዚያ በኋላ ይደርሰዋል። መዋጮውን የጨመርነውም ለዚሁ ነው።”

ስምህን ጠርቼ፣ “ልንገዛው እያሰብን ነው” ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

“ከዚህ በኋላ ደግሞ ምን ማሰብ ያስፈልጋል? ባለቤትሽ የሁለት ወር መዋጮ ልከዋል እኮ! እንደ በፊቱ ባለቤት ደጅ አላስጠኑንም። እግዜር ይስጥልን።”

“አሜን” ብዬ ወጣሁ።

ሰው ላልገዛው ቤት የጥገና መዋጮ ይከፍላል? መንገዱን ሙሉ ምክንያት ስፈልግልህ መጣሁ። ምናልባት ቀብድ ብቻ ከፍለህ ይሆናል፤ ምናልባት ሻጩ ለምኖህ ይሆናል። አንዱም ሚዛን አልደፋልኝም። ደላላውስ ቅዳሜ ያን ሁሉ ሲለፈልፍልኝ ያውቅ ነበር?

ቤቱን እይው ብለኸኛልና ስለ መዋጮው ያየሁትን ልንገርህ፦ ጣሪያው በእርግጥ ከተቀየረ ውድ አይደለም፤ ካልተቀየረ ግን ቤቱ የሚሠራው ለማኅበሩ ነው። እኔን የከበደኝ እሱ አይደለም። ያጠራቀምነው አንተ መሪ ይዘህ፣ እኔ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ነው። “አንቺ እይው” ስትለኝ ምኑን እንዳይ ነበር?

መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ አሽከርካሪም ይሰውርህ። ልጆቹ ይስሙሃል።

ያንተው ባለሱቅ

ነገ ጠዋት ሱቁን ለእህቴ ትቼ ይዞታ መዝገብ ቤት እሄዳለሁ፤ ቤቱ በማን ስም እንደገባ አያለሁ።