ለማቡኪያው የመረጥነው ሪሌይ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐርጌሳ

በመሐመድ ሞጌ ሰፈር የሚወራው ሐሰት ነው። ለዳቦ ቤቴ ማቡኪያ ማሽን አዲሱን መቆጣጠሪያ የገዛሁት ሊጥ የምታቦካልኝን ፀሐይን ላባርር አይደለም፤ ጣቶቿ እንዲተርፉ ነው። ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ገንዳውን ልትጠርግ እጇን አስገባች። መብራቱ ድንገት ሲመለስ ማቡኪያው በራሱ ተነሣ። እግዜር ይመስገን፣ የተቀደደው እጅጌዋ ብቻ ነው።

ዛሬ የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ ኢክራም ሁለት መቆጣጠሪያ ይዛ መጣች። ውዱን፣ ስክሪን ያለውን ሳገላብጥ ሳቀች።

«እማማ፣ ስክሪን ሊጥ አያቦካም። ርካሹ ይበቃል፤ የተረፈውን ለጥሩ ሪሌይ፣ ኃይል ለሚቆርጠው ማብሪያ፣ ያውሉት።»

ርካሹን ገዛሁ፤ እሷም ገጠመችው። መብራት ሲመለስ መቆጣጠሪያው አረንጓዴው ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃል። ቀዩ ቁልፍ ግን መቆጣጠሪያውን አያስፈቅድም፤ በሪሌዩ በኩል የሞተሩን ኃይል ይቆርጣል። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቅኋት።

«ፕሮግራሙን ብሳሳትስ?» አለችኝ።

የራሷን ስሕተት አስቀድማ የምታስብ ባለሙያ ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው። በየሽቦው ላይ ቁጥር ጽፋለች። አንድ በአንድ ፈተሽሁ፤ አንድም አልተሳሳተችም።

ነገ በመጀመሪያ ባዶው ማቡኪያ እየሠራ ዋናውን ማብሪያ አጠፋለሁ፤ የመጥረጊያ እንጨት ገንዳው ውስጥ አቆማለሁ፤ መልሼ አበራለሁ። እንጨቱ ካልተነቃነቀ፣ ከፀሐይ እጅ በፊት የራሴን አስገባለሁ።