መቃብርሽ ላይ የተቀረጸችው መርከብ

ብርቄ፣ የቤቴ ሰው፣ ከተለየሽኝ ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትሽን ዘከርን። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን አስቴር ናት፤ ስድቤን እንዳታለሳልስ አስምዬአታለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ልጅሽ ዳንኤል ግን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባ ወዲህ ዐዋቂ ሆኗል። ያቺን በሣጥንሽ የነበረችውን የመርከብ ፖስትካርድ ወስዶ ስልኩ ላይ ታሪኳን ፈልፍሎ አወጣ። "አባዬ፣ ይቺ እኮ ተራ መርከብ አይደለችም" አለኝ።

ሀብታም እያስጨፈረች ውቅያኖስ አቋርጣ አሜሪካ ታደርስ ነበር አሉ። ጦርነት ሲመጣ እኛን የሚወጋ ወታደር ጭና ምጽዋ አራገፈች። ጣልያን ሲሸነፍ ደግሞ ነጭ ቀብተው፣ ቀይ መስቀል ስለውባት፣ የጣልያን ሴትና ሕፃን ልትሰበስብ መጣች። ሰላም ሲሆን ተመልሳ ወደ ጭፈራዋ! ለመጣው ሁሉ የምታሸረግድ። በመጨረሻ አውሮፕላን ገበያዋን ሲቀማት ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ደግ አደረጓት። እኔ ዕድሜዬን እዚሁ አቃቂ ፋብሪካ ብረት ሳቀልጥ ኖሬአለሁ፤ እሳት ውስጥ ሲገባ የመርከቡም የአካፋውም አንድ ነው።

ጣልያኑ ወላጅ አባትሽ ማርዮም በእሷ ነው የሄደው፣ አንቺ ገና ዳዴ ሳትዪ። ጤነኛ ወንድ አይጫንም ቢሉት፣ ያ በሬ የሚያህል መካኒክ "ታምሜአለሁ" ብሎ ተኝቶ ገባ። ሕፃናት ልትጭን በመጣች መርከብ የራሱን ሕፃን ትቶ! አንቺ ግን ፖስትካርዷን እየወለወልሽ አረጀሽ። ስስቅብሽ "ባሕር አይተህ የማታውቅ፣ አንተ ምን ታውቃለህ" ትዪኝ ነበር። አዎ፣ አላየሁም። አባባ ወልዴም አላየም። ግን እናትሽን ከነልጇ ያገባው እሱ ነው። ኩፍኝ ሲጥልሽ በሐዲድ ጠጋኞች ጋሪ ጭኖ፣ ከአቃቂ አዲስ አበባ ድረስ እየገፋ ሐኪም ቤት ያደረሰሽም እሱ ነው።

ታዲያ እሑድ ዳንኤል ያሠራው የመቃብርሽ ሐውልት ሲገለጥ ምን አየሁ? መርከብ! ፊደል ባላውቅም መርከብ አላጣም። ጠረጠርኩና ከሥሯ የተጻፈውን መምሬን አስነበብኳቸው። "ብርቅነሽ ማርዮ" ይላል አሉኝ። ዳንኤልን እዚያው ሰው ፊት ያዝኩት።

"መታወቂያዋ ላይ ያለው እኮ ነው፣ አባዬ" አለ።

"መታወቂያ ልጅ ያዝላል?" አልኩት።

በማግስቱ ድንጋይ ጠራቢ ወስጄ ያንን ሰውዬ በመሮ አስፋቅኩት። አሁን ብርቅነሽ ወልዴ ነሽ። ሦስት ሰው ለየብቻ አስነብቤ አረጋግጫለሁ፤ ካሁን ወዲያ በአንድ ሰው ንባብ አላምንም።

መርከቧንም ላስፈልጣት ነበር። ጠራቢው መሮውን ሲያነሳ ግን "ተዋት" አልኩት። ለእሷ አዝኜ እንዳይመስልሽ፤ አንቺ ስለምትወጃት ብቻ ነው።

ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ በየወሩ እመጣለሁ። ለእሷ ጀርባዬን ሰጥቼ ስምሽን በጣቴ እየዳሰስኩ እቀመጣለሁ። ማንበብ ባልችልም፣ ወልዴ የት ጋ እንደሚጀምር ለይቼዋለሁ።