የኦቦ ገመዳ የኦሮምኛ ገጾች

ኅዳር 22፣ ረቡዕ ረፋድ

መብራት መጣ፣ ጠፋ፣ መጣ። ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ከፔጅሜከር፣ ከድሮው የመጽሐፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ጋር ትግል ላይ ነኝ። የፉሪው ገበሬ የኦቦ ገመዳ ሥራ ነው፤ የመሬታቸው ታሪክ። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ። ከዓመታት በፊት እዚሁ የጽሕፈት ሱቅ የተተየበ። የታተመው ቅጂ መሬት ቢሮ ገብቶ አልወጣም። አሁን የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬ መሬት ይወስዳል ስለተባለ እንደገና ሊያስገቡት ነው፤ ቢሮው ደግሞ በወርድ ካልሆነ አልቀበልም ብሏል። ለምን? እኔ እንጃ።

ጽሑፉን ከአሮጌው ኮምፒውተር አውጥቼ ወርድ ላይ ለጠፍኩት። አማርኛው በድሮው የኮምፒውተር ፊደል ስለተተየበ የፈረንጅ ፊደል ዝባዝንኬ ሆነ። ኦሮምኛው ደህና ነው፤ ድሮም በላቲን ነው የተጻፈው።

ኅዳር 23፣ ሐሙስ

አሮጌው ኮምፒውተር ሞተ። መብራቱ ሲመለስ ኃይል በዛበት፤ ጢስ ጢስ ሸተተኝ። ግድ የለም፣ ጽሑፉ ወጥቷል። ጎበዝ ነኝ።

9 ሰዓት። ጎበዝ አይደለሁም! የድሮውን ፊደል ወደ አዲሱ የሚለውጥ ፕሮግራም አለኝ። ሁሉንም መርጬ ለወጥኩት። አማርኛው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደስ ብሎኝ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ስከፍተው ኦሮምኛውም ወደ እኛ ፊደል ተለውጦ ትርጉም የሌለው ነገር ሆኗል። ፕሮግራሙ ምን ያውቃል፣ ላቲን ያየውን ሁሉ ይለውጣል። መልሼ ልለውጠው ብል ግማሹ ፊደል የለም። ሌላ ቅጂም የለም።

ኅዳር 24፣ ዓርብ

ኦሮምኛውን ያዘጋጀችው የኦቦ ገመዳ ልጅ ናት፤ ተጂ ከተማ አስተማሪ ናት። የተጂ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል። ተማሪው ማስተር ፕላኑን ተቃውሞ ወጥቷል። ስልኳ አይሠራም።

ኦቦ ገመዳ መጡ። መብራት የለም አልኳቸው። አምፖሉ በርቶ! ቀና ብለው አዩት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺም ትዋሺኛለሽ?»

አፈርኩ። ግን ከዚያ ወዲያም እውነቱን አልነገርኳቸውም። እኔው ለራሴ አልገባኝም።

ኅዳር 27፣ ሰኞ

ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አማርኛውን አንብቢልኝ አሉ። አነበብኩ። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን እገሌ። ይሄ ድንበሩ ነው አሉ። ኦሮምኛው ግን እዚያ መሬት ላይ ማን እንደኖረ፣ ማን የት እንደተቀበረ ነው። አባታቸው። ሁለት ወንድሞቻቸው። ሚስታቸው።

የእኔ ኦሮምኛ ዕቃ ለመሸጥ ያህል ነው። ያጠፋሁትን ነገር አንብቤው እንኳ አላውቅም! አለቀስኩ። አጽናኚዋ እኔ መሆን ሲገባኝ እሳቸው አጽናኑኝ።

አመሻሽ ላይ። ነገ ሱቁን አልከፍትም። ወንድሜ አብደሻል፣ በዚህ ግርግር ፉሪ ይኬዳል ወይ ይላል። ምናልባት አብጄ ይሆናል። ደብተር ይዤ እሄዳለሁ። መቃብሮቹን እያዞሩ እያሳዩኝ ይነግሩኛል፤ ኦሮምኛውን እንደሰማሁት በአማርኛ ፊደል፣ በእጄ እጽፋለሁ። መንገድ ሲከፈት ልጃቸው ታቃናዋለች።

ከሚስታቸው እንድንጀምር ለምነውኛል።